ባለወፍጮው የት ገባ?

የወጣቶች ኅብረታችን በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለንባብ ይሰበሰባል። መጽሐፍ ቅዱስ የምናጠናው ረቡዕ ስለሆነ ቅዳሜዋን ለልብ ወለድ፣ ለግጥምና ለተረት ለቀንላታል። በቅርቡ ተራው የእኔ ሆነና ቀለል ያለ ነገር ይሁን ብዬ ጀርመናውያኑ ወንድማማቾች ያዕቆብና ዊልሄልም ግሪም ካሰባሰቧቸው ተረቶች አንዱን፣ ራምፕልስቲልትስኪንን ይዤ ሄድኩ። ንግሥቲቱ ይህን ስም ለማወቅ ሦስት ቀን ፈጅቶባታል። የእኛ ልጆች ደግሞ ስሙን አስቀድሜ ነግሬያቸው እንኳ ለመጥራት ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። በስተመጨረሻ አንዱ «ራምፔ እንበለውና እንገላገል» አለ። እኔም እዚህ ራምፔ እለዋለሁ።

ሁሉም በራምፔ ይስቃል ብዬ ነበር የጠበቅሁት፤ ሳቁም። አንብቤ ስጨርስ ግን ከኋላ ወንበር አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «ጋሼ፣ አባቷስ የት ገባ?» አለችኝ።

ገጹን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ወደ ፊት ገለጥኩ። የለም። ያን ዕለት «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብዬ አለፍኩት። መምህራን ጥሩ ጥያቄ ነው ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቤት ገብቼ ተረቱን ደግሜ ሳነብበው ግን ያልተወራረደው ሒሳብ የአባትየው ብቻ እንዳልሆነ አየሁ።

ለማታውቁት ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ድሃ ባለወፍጮ ከንጉሥ ጋር የመነጋገር ዕድል ያገኛል። ትልቅ ሰው ለመምሰል ሲል ጭድ ፈትላ ወርቅ የምታደርግ ልጅ አለችኝ ይላል። ንጉሡ ልጅቷን ያስመጣና ጭድ በሞላበት ክፍል ውስጥ ይቆልፍባታል፤ እስኪነጋ ካልፈተለችው እንደምትሞትም ይነግራታል። ተቀምጣ ስታለቅስ አንድ ድንክዬ ሰውዬ ይገባና በአንገት ሐብሏ ዋጋ ጭዱን ወርቅ ያደርግላታል። በሁለተኛው ሌሊት ንጉሡ ሰፋ ወዳለ ክፍል ያስገባታል፤ ክፍያው ቀለበቷ ይሆናል። በሦስተኛው ሌሊት ክፍሉ ከሁለቱም ይሰፋል፤ ንጉሡም ይህን ከጨረስሽ አገባሻለሁ ይላታል። እርሷ ግን የምትከፍለው አልቆባታል። ራምፔ ንግሥት ስትሆን የምትወልደውን የመጀመሪያ ልጅ ይጠይቃታል፤ እሺ ትላለች። ታገባለች፣ በዓመቱ ትወልዳለች፣ ቃሏንም ትረሳለች። ራምፔ ልጁን ሊወስድ ሲመጣ ታለቅሳለች፤ እርሱም ያዝንላትና በሦስት ቀን ውስጥ ስሜን ካወቅሽ ልጁ ላንቺ ይቅር ይላታል። የላከችው ሰው ጫካ ውስጥ ራምፔ በእሳት ዙሪያ እየዘለለ የገዛ ስሙን ሲዘፍን ይሰማዋል። ንግሥቲቱ ስሙን ትጠራለች። ራምፔ በንዴት ቀኝ እግሩን እስከ ወገቡ መሬት ውስጥ ይተክልና ግራ እግሩን በሁለት እጁ ይዞ ራሱን ለሁለት ይሰነጥቃል። አለቀ።

መጀመሪያ የንጉሡን ነገር እንይ። ተረቱ ባለወፍጮው ድሃ እንደሆነ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይነግረናል። እንግዲህ ንጉሡ ፊት አንድ ዱቄት የለበሰ ድሃ ቆሟል፤ ቤቱ ውስጥ ጭድን ወርቅ የምታደርግ ልጅ አለችኝ እያለ ነው። ንጉሡ አንዲት ጥያቄ ቢጠይቅ ተረቱ እዚያው ባለቀ ነበር፦ ታዲያ አንተ ለምን ደኸየህ? አልጠየቀም። ወርቅ የሚል ቃል ሲሰማ መደመርና መቀነስ ጠፋበት።

አትሳቁበት። ገንዘብህን በሦስት ወር እጥፍ አደርግልሃለሁ የሚል ሰው የታክሲ ሲጠይቀን፣ ለምን የታክሲ እንዳጣ ሳንጠይቅ ታክሲውንም ሌላውንም የሰጠን ሰዎች አለን። ከነዚህ መካከል አንድ የቤተ ክርስቲያን መምህር እንዳለ አውቃለሁ። ስሙን አልነግራችሁም፤ ሦስት ቀን እሰጣችኋለሁ።

ከዚህ የሚብሰው የፍርዱ ነገር ነው። ጭዱ ጭድ ሆኖ ቢያድር ዋሽቶ የተገኘው ማን ነው? አባትየው። የሚሞተውስ? ልጅቷ። ንጉሡ እንዲህ ያለ ፍርድ ሲያወጣ ማንም ቅር አላለውም፤ ተረቱን ስናነብ እኛም ቅር አላለንም። ማለዳ ሲመጣ ወርቁን ያያል፣ ደስ ይለዋል፣ ደስታውም ክፍሉን ያሰፋዋል። በሦስተኛው ማለዳ ሊገድላት የነበረውን ልጅ ያገባታል። ሲያስብም የባለወፍጮ ልጅ ብትሆንም ከእርሷ የበለጠች ሀብታም የትም አላገኝም ብሎ ነው። በዚህ ቦታ ከወንዶቹ አንዱ «ቢያንስ ግልጽ ሰው ነው» አለና ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩት።

አሁን ወደ ተቆለፈው ክፍል እንግባ። ራምፔ ይገባና ለምን እንደምታለቅስ ይጠይቃታል። እኔ ብሆን መልስ ከመስጠቴ በፊት «በየት ገባህ?» ባልኩት ነበር። መግቢያ ካለው መውጫም አለው። ጭድ ለማስፈተል ሐብሏን ከምትሰጠው በዚያው ሐብል «ወደ ውጭ አውጣኝ» ብትለው ስንት ነገር በቀረላት! ልጁም፣ የስም ጨዋታውም፣ መሰንጠቁም አይመጣም ነበር። ይህን ስናገር ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ያቺው የኋላ ወንበር ልጅ፣ «ወጥታስ ወዴት ትሄዳለች? ወደ አባቷ?» አለች።

ሳቃችን እዚያ ላይ ቆመ። እውነቷን ነው። በሩ ቢከፈትም ያቺ ልጅ ቤት የላትም። ወደ ቤት መመለስ ማለት ለአንድ ደቂቃ ጉራ ሲል አሳልፎ ወደ ሰጣት ሰው መመለስ ነው።

ቀጥሎ ደግሞ የራምፔ ገበያ አለ። ሰውዬው አንድ ክፍል ሙሉ ጭድ በአንድ ሌሊት ወርቅ ያደርጋል፤ የሚጠይቀው አንድ ሐብል ነው። ሐብሉ ከእጁ ከሚወጣው ወርቅ ስንት መቶኛ እንደሚሆን የሒሳብ ተማሪዎች አስሉት። በማግስቱ ለባሰ ሥራ ቀለበት ይቀበላል። እንዲህ ያለ ነጋዴ ቢኖር ሁላችንም ደንበኞቹ በሆንን! አንድም ሌሊት ቃሉን አላጠፈም፤ አንድም ማለዳ ወርቁ ሳይደርስ አልቀረም። ንግሥቲቱ ስታለቅስ ደግሞ አዘነላት፤ ሕጋዊ ዕዳውን በፈቃዱ ወደ ጨዋታ የለወጠው እርሱ ራሱ ነው። ማንም አላስገደደውም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ለእኔ ተረቱን የገለበጠብኝ እርሱ ነው። ንግሥቲቱ በልጁ ምትክ የመንግሥቱን ሀብት ሁሉ ልስጥህ ስትለው ራምፔ እምቢ ይላል፤ ሕይወት ያለው ነገር ከዓለም ሀብት ሁሉ ይበልጥብኛል ይላል። እስቲ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ቁጠሩ። አባት ልጁን በጉራ ለወጠ። ንጉሥ የሰውን ልጅ ነፍስ በጭድ ክምር መዘነ። በዚያ ተረት ውስጥ ሕይወት ከወርቅ ይበልጣል ብሎ በአፉ የተናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ተሰንጥቆ የሚሞተው ነው።

ራምፔን ጻድቅ እያደረግሁት አይደለም። ሰው ምንም እስኪያጣ ጠብቆ ዋጋ የሚጨምር ነጋዴ ምን ዓይነት ነጋዴ እንደሆነ እናውቃለን። ልጁን ለምን እንደፈለገው ደግሞ ተረቱ አይናገርም። ከልጆቹ ግማሹ «ሊበላው ነዋ!» ብለው ጮኹ፤ የት ተጽፏል ስላቸው ግን ዝም አሉ። አልተጻፈም። የተጻፈውን ኃጢአት ትተን ያልተጻፈውን ፈረድንበት።

ስለ ስሙ ጨዋታ ጥቂት ልበል። በመጀመሪያው ቀን ንግሥቲቱ ከሞከረቻቸው ስሞች ውስጥ ካስፓር፣ ሜልኪዮርና ባልታዛር ይገኛሉ። የምዕራቡ ዓለም ልማድ ለሰብአ ሰገል የሰጣቸው ስሞች ናቸው። ማቴዎስ ስማቸውንም ቁጥራቸውንም አልጻፈም፤ በየገናው ድራማችን ዘውድ ሦስት ብቻ የምንሰፋው በጀታችን ስለሚፈቅድ ነው። የሚገርመው ግን ሌላ ነው። መላው ተረት በስም ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ስም ያለው ሰው ራምፔ ብቻ ነው። ባለወፍጮው ባለወፍጮ ነው፤ ንጉሡ ንጉሥ ነው፤ ሕፃኑ ሕፃን ነው። ልጅቷ መጀመሪያ የባለወፍጮ ልጅ ናት፣ ኋላ የንጉሥ ሚስት ናት። ራምፔም ንጉሡም ስምሽ ማን ነው አላሏትም። ያ የሦስት ቀን ጨዋታ ለባልየው ቢቀርብና ጥያቄው የሚስቱ ስም ቢሆን፣ እርሱም ሳይሸነፍ የሚቀር አይመስለኝም።

ስም የሌላት፣ በአባቷ አፍ የተያዘች ልጅ ስትሉ መቼም መሳፍንት 11 ትዝ ብሏችኋል። ዮፍታሔም ሳያስብ አፉን ከፈተ፤ ዋጋውን የከፈለችው ስሟ ያልተጻፈ ልጁ ናት። ለረጅም ጊዜ ያን ምዕራፍ ማንበብ አልወድም ነበር፤ አሁንም በቀላሉ አላነብበውም። ከግሪሞቹ ተረት ጎን ሳስቀምጠው ግን አንድ ልዩነት ታየኝ። ዮፍታሔ ከታሪኩ አይወጣም። ልጁ ከበሮ ይዛ እየዘፈነች ከቤት ስትወጣ በሩ ላይ ያገኛታል፤ ፊቷን ያያል፤ ልብሱን ይቀድዳል። ጸሐፊው ወደ ጓዳ እንዲገባ አልፈቀደለትም። ለልጅቱም ሁለት ወር፣ ተራሮችንና ጓደኞቿን ሰጥቷታል፤ የእስራኤልም ሴቶች ልጆች በየዓመቱ አራት ቀን ያስቧታል። ማርቆስ 6 ላይ ያለው ሄሮድስም እንዲሁ ነው፦ በእንግዶቹ ፊት ላለማፈር ብሎ መሐላውን አጸና፤ ወንጌላዊው ግን ያዘነ ልቡንም የወጣ ትእዛዙንም ጎን ለጎን ጽፎ አቆመው። የእኛ ባለወፍጮ ግን ዋሽቶ ሄደ፤ ደጁ ላይም ማንም አልጠበቀውም።

በዚያ ቅዳሜ ረጅሙ ክርክር የተነሣው በንግሥቲቱ ቃል ላይ ነበር። አንዱ ልጅ ኢያሱ 9ን ገልጦ ተነሣ፤ የገባዖን ሰዎች አታልለው ቃል ካስገቡ በኋላ እንኳ እስራኤል መሐላውን ጠብቋል፤ ስለዚህ ንግሥቲቱ ልጁን መስጠት ነበረባት አለ። ሌላዋ መዝሙር 15ን አከለችለት። ሁለቱም ጥሩ አድርገው ነው ያነበቡት። የእኔ አስተያየት ግን ወዲህ ነው። ሰው የራሱን ሊሳል ይችላል፤ ሕፃኑ ግን የእርሷ ሐብል አልነበረም። ያልተወለደን ሰው ለዕዳ ማስያዝ አትችልም ነበር። እንዲህ ስል አንድ የማይመች ነገር እናገራለሁ፦ ልጅቷ በሦስተኛው ሌሊት ያደረገችው አባቷ ያደረገውን ነው። አባት ልጁን ሰጠ፤ ልጅ ልጇን ሰጠች። ልዩነቱ አባትየው ይህን ያደረገው ቆሞ እያወራ ነው፣ እርሷ ሞት ደጇ ላይ ቆሞ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ቢሆንም ሥራው አንድ ነው፤ ከዚያ ቤት የወረሰችው ሌላ ነገር አልነበረም።

የተረቱን ዕድገት ስንከተል ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። ግሪሞቹ ከማሳተማቸው በፊት በ1810 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) በእጅ የጻፉት ረቂቅ አለ። በእርሱ ውስጥ ባለወፍጮ የለም። አንዲት ልጅ ከተልባ ተክል የሚገኘውን ጭረት ክር አድርጋ ልትፈትል ትሞክራለች፤ የምትፈትለው ሁሉ ግን ወርቅ እየሆነ ያስቸግራታል። ክር አጥታ አዝና ጣሪያ ላይ ትቀመጣለች። ወርቁ እዚያ ችግር ነው! ዋሾም የለም፣ የሞት ፍርድም የለም። በ1812 ታትሞ ሲወጣ ባለወፍጮው ከነውሸቱ መጣ፤ ከእርሱም ጋር ንጉሡና ሞት መጡ። በዚያ እትም መጨረሻ ራምፔ ተናድዶ ይሮጣል፣ ዳግም አይመለስም፤ ይኸው ነው ቅጣቱ። ራሱን የሚሰነጥቀው ከ1819ኙ ሁለተኛ እትም ጀምሮ ነው። በ1857ቱ የመጨረሻ እትም ባለወፍጮው የዋሸው ትልቅ ሰው ለመምሰል እንደሆነ በጥቂት ቃላት ተጽፏል። ይህም ደህና ነው፤ ቢያንስ ምክንያቱን አወቅን። እትም በተለወጠ ቁጥር ግን የራምፔ ቅጣት ከበደ እንጂ ባለወፍጮውን የጠራው የለም። ለሠርጉ እንኳ አልተጠራም። ወይም ተጠርቶ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ይሆናል፤ «አላልኳችሁም!» እያለ።

አንባቢው ለምን አይፈልገውም? እኔ ለሃያ ዓመት ያህል ይህን ተረት ሳውቅ አንድም ቀን አልፈለግሁትም። ምክንያቱን ስመረምር ያገኘሁት ደስ አይልም። የራምፔ ዓይነት ሰው በሕይወቴ አላጋጠመኝም፤ ንጉሥም አላውቅም። ባለወፍጮውን ግን በጣም አውቀዋለሁ። ውሸቱ እኛ ዘንድ ውሸት አይባልም፤ ማመስገን ይባላል፣ ማበረታታት ይባላል፣ አንዳንዴም ምስክርነት ይባላል። በጉባኤው ላይ የነበሩት አርባ ሰዎች ሪፖርቱ ላይ ወደ መቶ ሲጠጉ፣ ለጌታ ክብር ነው ብለን አሜን እንላለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እንግዶች ወደ ቤተ ክርስቲያናችን መጥተው ነበር። ከወጣቶቹ አንዱን በትከሻው ይዤ፣ ይህ ወንድም ጊታር የጀመረው ገና በቅርቡ ነው፣ ጌታ ግን ተአምር አድርጎለት አሁን ማንኛውንም መዝሙር ይመታል አልኩ። ልጁ የሚያውቀው ሁለት ኮርድ ነበር። እኔም አውቅ ነበር። እንግዶቹ በጣም ተደሰቱና እሑድ እንዲያገለግል ጠየቁ፤ እኔም እርሱን ሳልጠይቅ እሺ አልኩ። ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ እንደተለማመደ በኋላ ከእናቱ ሰማሁ። ለእርሱ ጭድ የሚፈትልለት ማንም አልመጣም። እሑድ መድረክ ላይ ወጣ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመ፣ እንደገና ጀመረ፣ እንደገና ቆመ። መዘምራኑ ያለ ጊታር ጨረሱለት። ከዚያ በኋላ ለአምልኮ ይመጣ ነበር፤ ጊታር ግን ሲነካ አላየሁትም። እኔ በዚያ እሑድ የት እንደነበርኩ ብትጠይቁኝ፣ እንግዶቹን ሻይ ላስተናግድ ቀድሜ ወጥቼ ነበር።

ከንባቡ ቅዳሜ በኋላ ደወልኩለት። አሁን ሌላ ከተማ ይሠራል። ይቅርታ ስጠይቀው ሳቀና፣ «ኧረ ጋሼ፣ እኔ እኮ ረስቼዋለሁ» አለኝ። ስለ ሥራው፣ ስለ ቤት ኪራይ አወራን። ስልኩን ልንዘጋ ስንል ግን የዚያን ዕለቱን መዝሙር ርእስ፣ የእንግዶቹን ብዛትና የለበስኩትን ኮት ቀለም ነገረኝ።

ኅብረቱ ተረቱን ለዓመት መዝጊያው ፕሮግራም በድራማ ሊያቀርበው ወስኗል። ራምፔን ለመሆን ሰባት ልጆች ተሻሙ። ንጉሡን ያ «ግልጽ ሰው ነው» ያለው ልጅ ወሰደ፤ ሴቶቹ ናቸው የመረጡት። ንግሥቲቱን ለምትሆነዋ ልጅ ስም እንድናወጣላት ሐሳብ ቀርቦ እስካሁን አልተስማማንም። ባለወፍጮውን ማንም አልፈለገውም፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው ያለው። በመጨረሻ አንድ ዝምተኛ ልጅ ተነሥቶ፣ «እሺ፣ እኔ እሆናለሁ፤ ግን ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ ወደ ቤት መሄድ እችላለሁ አይደል?» አለ።

አትችልም አልኩት። ከዱቄቱ ጋር መድረኩ ጥግ ላይ ወንበር እናስቀምጥለታለን፤ ጭዱ ሲፈተልም፣ ሠርጉም ሲሆን፣ ራምፔ ሲሰነጠቅም እዚያው ይቀመጣል። እስከዚያ ድረስ ምን እያደረገ እንደሚቀመጥ ገና አልወሰንንም። ልጁ ስልኬን ብነካካስ ብሏል።